ጋሽ መርዕድ ያመሰገኑት ማንበቢያ

ጋሽ መርዕድ ኤሌክትሮኒክ ነገር አይወዱም ነበር የሚባለው ውሸት ነው። ለቅሷቸው ላይ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ይህንኑ ነገሩኝ። አንዱ እስከ መጨረሻው የወረቀት ሰው ነበሩ አለ። ሁለተኛው የወረቀት ሽታ ካልሸተታቸው ማንበብ አይሆንላቸውም ነበር አለና ዓይኑን ጨፍኖ ሽታውን ለራሱ አሸተተው። ሦስተኛው የግቢ ጎረቤታቸው ነው። ልጃቸው የገዛችላቸው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መደርደሪያ ላይ ሳይነካ ሲከርም በዓይኑ አይቷል። ሦስቱንም ሰማሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ንፍሮዬን በላሁ። ድንኳን ውስጥ ስለ ሟች የሚወራን ነገር ማረም ነውር ነው። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።

እዚህ ድንኳን ስለሌለ ላርም። ጋሽ መርዕድ የወረቀት ሽታ አይወዱም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ሲተነፍሱት ኖረው ያተረፉት ሳል ነው። ስለ ወረቀት ሽታ የሚመሰጥ ሰው ሲያጋጥማቸው፣ ሰውየው ዞር እስኪል ጠብቀው «ይኼ ደግሞ ምስጥ ነው ወይስ አንባቢ?» ይሉኝ ነበር። ማንበቢያም አልጠሉም። የጠሉት አንድ ማንበቢያ ብቻ ነው። እሱን የመረጥኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሲያመሰግኑኝም ከረሙ።

መካኒሳ አቦን አለፍ ብሎ፣ በአንድ ጋራዥና በአንድ ዳቦ ቤት መካከል አሮጌ ኮንቴይነር ነበረ። ጋሽ መርዕድ እዚያ ውስጥ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር። ከዚያ በፊት የፋብሪካ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚያ ሥራ ሲጠየቁ «ብሎን እሰጣለሁ፣ ብሎን እቀበላለሁ፤ አሁንም እንደዚያው ነው» ከማለት በቀር ብዙ አያወሩም። ከጋራዡ የሚመጡት መካኒኮች ገጹ ላይ ጥቁር አውራ ጣታቸውን ትተው ይመልሳሉ። ነርሶች ይመጣሉ፤ ተማሪዎች ይመጣሉ። አካባቢው እርሻ በነበረ ጊዜ ከነበሩት ቤተሰቦች ወገን የሆኑት ወተት ሻጯ ወይዘሮ ጫልቱም የወተት ጀሪካናቸውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይገባሉ። እኔም እሄድ ነበር። ያኔ በሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ ሁሉንም ያነበብኩ ይመስለኝ ነበር።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ከመጻሕፍቱ በላይ የሚታየው ጣሳው ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ሲሆን ክዳኑ በቢላ ተሰንጥቋል። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ የተከራየውን መጽሐፍ ሳይጨርስ ያቋረጠ ሰው፣ የት ገጽ ላይ እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ጣሳው ውስጥ ይከታል። ይህን ያደረገ ሌላ መጽሐፍ ያለ ኪራይ ይወስዳል። ወረቀቱን ግን ጋሽ መርዕድ አያነቡትም። ሱቁን እስኪዘጉ ድረስ ላያነቡት፣ ከዘጉ በኋላም ከእርሳቸው በቀር ማንም ላያነበው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ታዲያ ካላነበቡት ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አሁን ካነበብኩት ሰው የሚወደውን ብቻ ማከራየት እጀምራለሁ» አሉ። «አንባቢም እንደማነበው ካወቀ እኔን ደስ የሚያሰኘኝን ነው የሚጽፈው። ሁለታችንም እንበላሻለን።»

ወረቀቶቹን ለእርጅናቸው አስቀምጠዋቸው ነበር። ሌላው ሰው ለእርጅናው ቤት ይሠራል። እርሳቸው ጣሳ ሞሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው መጽሐፍ ሲመልስ «ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው» ካለ ምንም አይመልሱም። በጣት ጥፍራቸው ጣሳውን ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ ያደርጉታል። እውነቱን እዚህ ጻፈው ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ያፍርና ይስቃል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሼ ሩብ ሰዓት ያህል ሳሞግስላቸው ኳ፣ ኳ አደረጉብኝ። ወረቀት ወሰድኩና አንድ ነገር ጽፌ ከተትኩ። ምን እንደጻፍኩ ረሳሁት። «ያመሰገነ ሁሉ አላነበበም» ይሉ ነበር፤ «ያቋረጠ ግን እስካቋረጠበት ድረስ አንብቧል።»

ከዕለታት አንድ ቀን የኮንቴይነሩ ቦታ ለመንገድ ተፈለገ። ያን ጊዜ ጋሽ መርዕድ ሰባ አልፏቸዋል። አልተከራከሩም። መጻሕፍቱን ለሚወስድ ሰው አከፋፈሉና አምስት ጣሳ በጋሪ አስጭነው ቤታቸው ገቡ። ሱቁ ተዘጋ፤ ጣሳው ሊከፈት ነው። ችግሩ ዓይናቸው ነበር። የስኳር ሕመማቸው ዓይናቸው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን ብሏቸዋል። ወረቀቶቹ በእርሳስ፣ በሚደበዝዝ እስክሪብቶ፣ በጣት በሚያህል ቁራጭ ላይ የተጻፉ ናቸው። በስልክ እንዳያዩዋቸው የስልኩ ብርሃን ዓይናቸውን ያስለቅሰዋል። ሌላ ሰው እንዳያነብላቸው ቃል ገብተዋል።

ይህን ሁሉ አሁን በተርታ የምነግራችሁ በኋላ ስላወቅሁት ነው። ያኔ የማውቀው ዓይናቸው መድከሙን ብቻ ነበር።

ልጃቸው ሰብለ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችልኝና አባቷ ጽሑፍ የሚያጎላ፣ ዓይን የማይወጋ ነገር እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ማንበቢያ አለ ሲባል ሰምታለች፤ የትኛው እንደሚሻል ግን አታውቅም። «አንተ ታውቃለህ ጋሼ፣ አንተ ምረጥልን» አለችኝ። ግማሹን እኔ ልክፈል አልኳት። ምረጥ የሚል ቃል ስለ መጻሕፍት እየጻፈ ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሰብለ አታውቅም።

አሥራ አንድ ሳምንት መረጥኩ። ደብተር ገዛሁ። የማንበቢያ ዓይነት በስምና በቁጥር ይበዛል እንጂ መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ስመ ጥር፣ ከራሱ መደብር መጽሐፍ የሚያወርድ። ሌላው ግራጫ፣ ወፍራም፣ አዝራሩ የበዛ፣ የድሮ ካልኩሌተር የሚመስል፣ ያገኘውን ፋይል ሁሉ የሚከፍት። ክብደታቸውን አነጻጸርኩ። ባትሪያቸው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የፊደላቸው ቅርጽ፣ ገጽ ሲገለጥ የሚዘገዩበትን ጊዜ ሁሉ ጻፍኩ። የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው አገር ሆነው ስለ ማንበቢያ የሚጨቃጨቁበትን ስንት ገጽ አነበብኩ። በእነዚያ ሳምንታት መጽሐፍ አላነበብኩም። የሚያነቡትን ከመምረጥ የሚያነቡበትን መምረጥ ይቀላል፤ ዕድሜ ልኩን መደርደሪያ ሲያሠራ የኖረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም። ጋሽ መርዕድን ምን ሊያነቡበት እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። እኔ የማነበውን ያነባሉ ብዬ ነው።

እሑድ እሑድ ስጠይቃቸው «ደረሰ?» ይሉኛል።

«እያመዛዘንኩ ነው» እላለሁ።

«ሊቁ» አሉኝ አንዴ። ሊቁ የሚሉኝ ሲሰድቡኝ ነው። «ሚስት ስትመርጥም እንዲህ ነበርክ?»

«አላገባሁም፣ ጋሽ መርዕድ።»

«አየህ» አሉ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት ሄድን። እዚያ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከድር የሚባል ነጋዴ ያገለገሉ ስልኮችና እንዲህ ያሉ ነገሮች ይሸጣል፤ ሁለቱንም ማንበቢያ አስመጥቶ ነበር። ጋሽ መርዕድ ኮታቸውን ለብሰው ክንዴን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሰብለ ሥራ ስለነበረባት አልመጣችም። ከድር ወንበር አቀረበላቸውና ሁለቱን ዕቃ መስታወቱ ላይ ደረደረ።

«እነዚህ ሁለቱ ናቸው ታቦቹ፣ ፋዘር።»

ታብሌት እንዳልሆኑ፣ ማያቸው እንደ ወረቀት እንጂ እንደ መብራት እንዳልሆነ አስረዳሁት። ከድር በትዕግሥት ሰማኝና «እሺ፣ እነዚህ ሁለቱ ታቦች» አለ።

ጋሽ መርዕድ ጥቁሩን አነሱት፣ መዘኑት፣ መለሱት። ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። እጥፋቱን ፈቱና ከድር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሁለቱም ዕቃዎች ላይ እንዲጭንላቸው ጠየቁት። እኔ ገርሞኝ ቆምኩ። ለሙከራ እንዲሆን አንድ ልብ ወለድ እኔ አስጭኜ ነበር፤ እርሳቸው አላዩትም።

ጥቁሩ ፎቶውን አሳንሶ መሐል ላይ አስቀመጠው። ከድር በሁለት ጣቱ ሊያጎላው ሲሞክር ትንሽ ከፍ አለና ጭጋግ ሆነ። ግራጫው ላይ ሲጭነው ግን ወረቀቱ ማያውን ሞላው። ከድር አንድ አዝራር ጫነ፤ ደብዛዛው እርሳስ ጠቆረ። ደግሞ ጫነ፤ አንድ ቃል ብቻውን ማያው ላይ ቀረ። ጋሽ መርዕድ ዕቃውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ ጽሑፉ ግን አልጠፋም። አፍንጫቸውን ሳያስጠጉ፣ ቃል በቃል፣ አዝራሩን እየጫኑ ቆሙ። በትከሻቸው በኩል አየሁት። የራሳቸው እጅ ጽሕፈት ነው፦ «መርዕድ፣ ይህን ካነበብክ ገና አልመሸብህም።»

«የእርስዎ ይሄ ነው፣ ፋዘር» አለ ከድር። እርሱ ደብተር አልያዘም፤ አሥራ አንድ ሳምንትም አልፈጀበትም።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አላልኩም። ግራጫው ከባድ መሆኑን፣ ኩባንያው ነገ ይኑር አይኑር እንደማይታወቅ፣ ሲቆይ እንደሚንቀረፈፍ ዘረዘርኩ። ፎቶ ማየት የማንበቢያ ሥራ እንዳልሆነ አስተማርኩ። ጥቁሩ ግን ሚሊዮን መጽሐፍ ያለበት መደብር አለው አልኩ።

«ሚሊዮኑ አማርኛ ነው?» አለ ከድር።

ለዚህም ረዥም መልስ ነበረኝ። ወደፊት ስለሚሆነው ነገር ይመስለኛል። ስናገር ጋሽ መርዕድ ከመስኮቱ ተመለሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንዴ እኔን አዩ። አንዴ ደግሞ መስታወቱ ላይ የተከፈተውን ደብተሬን አዩ፤ ሠንጠረዡን፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶዬን። ምን ያህሉን እንዳዩት አላውቅም፤ መድከሜን ግን አይተዋል። ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«እሱ ካለ ጥቁሩ ይሁን» አሉ። «ሊቁ ለፍቷል።»

ያሳመንኳቸው መሰለኝ። ከድር ግን ጥቁሩን በካርቶኑ ሲያሽግ ወደ እኔ አላየም።

ከዚያ በኋላ ያሉት እሑዶች የሕይወቴ ጥሩዎቹ እሑዶች ነበሩ ማለት ይቻላል። እሄዳለሁ፤ ማንበቢያው አልጋቸው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪው ሙሉ ነው። «ተባረክ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው ያመጣህልኝ» ይላሉ። ምን እያነበቡ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይህንንም ያንንም ይላሉ። ዓይናቸውን እጠይቃለሁ። እግዜር ይመስገን ይላሉ። አንድ እሑድ እንዲያውም ሰብለ ባለችበት ስለ ዕቃው ቅለት እኔው የነገርኳቸውን መልሰው ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ሳስተውል ምን አደረግሁ? ጽሑፍ ጻፍኩ። ሽማግሌ አንባቢና አዲስ ማንበቢያ የሚል ነገር፤ ስማቸውን አልጠቀስኩም እንጂ እርሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው አመሰገነኝ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው እፊቴ ሲያሞግስ ጣሳውን በጥፍር መምታት እንዳለብኝ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ለሌላ ጉዳይ መካኒሳ ነበርኩና ሳልደውል ጎራ አልኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። ጋሽ መርዕድ ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው አጉሊ መነጽር፣ በሌላው ጣት የሚያህል ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱን አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው ያዞሩታል፤ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። የኀዘን አይደለም፤ ዓይን ሲገደድ የሚያወጣው ነው። እግራቸው ሥር ጣሳው ተከፍቷል። ያነበቡትን የሚያስቀምጡበት ሳህን አጠገባቸው አለ፤ ሳህኑ ላይ ያሉትን ቆሜ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው።

ኮቴዬን ዘግይተው ሰሙት። መነጽሩን ጋቢው ሥር ከተቱት፤ እንደ ተያዘ ሰው።

«ባትሪው አልቆ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቅ።

ገብቼ ማንበቢያውን አነሳሁት። ባትሪው ሙሉ ነው። ማያው ላይ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶኬት ላይ ይሰኩታል፤ እኔ እሑድ ስለምመጣ። ወጥቼ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።  ጎረቤትየው ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ሰላም አለን።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«አሥራ አንድ ሳምንት ለፍተህ?»

«ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ እውነቱን እንዲጽፍ አድርገዋል እኮ።»

«እኔ ተቀባይ ነበርኩ» አሉ። «ጻፊ ስሆን እንዲህ እንደሚከብድ አላወቅሁም።»

ያኔ ነው ስለ ጣሳዎቹ የነገሩኝ። ማንበቢያውን ለምን እንደፈለጉት፣ ያን ቀን ከኪሳቸው ያወጡት ወረቀት ምን እንደነበረ። እኔ ላንብብልዎት አልኳቸው። ቃል ሰጥቻለሁ አሉ። ስም የሌለባቸውን ብቻ አልኳቸው። ከፍተህ ሳታይ ስም የሌለበትን በምን ታውቃለህ አሉኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለእኔ ሲሆን አፋቸውን ዘግቶ ያከርማቸዋል፤ ለማያውቁት የጋራዥ ሠራተኛ የገቡትን ቃል ግን አንዲት ጣት አያላላም። ይህን ሳስበው እስካሁን ይደክመኛል።

በማግሥቱ ከድር ጋ ሄድኩ። ግራጫው ተሽጧል። ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ከድር ሲያስረክበኝ «ያን ቀን እኮ አነበቡት» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣና በስልካቸው ወረቀቱን እንዴት ፎቶ እንደሚያነሱት፣ በገመድ እንዴት ወደ ማንበቢያው እንደሚያሳልፉት አለማመዳቸው። እርሳቸው ብቻቸውን ያነሳሉ፤ ብቻቸውን ያነባሉ። እኛ እንወጣለን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እሑዶች ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ሆኜ ነው ያሳለፍኳቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። የአዝራሩ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ሳቅ። ምን እንዳሳቃቸው አይነግሩኝም። ጎረቤትየው ሽማግሌው ምን ሆነው ነው ብቻቸውን የሚስቁት ብሎ ጠይቆኛል። ግራጫውን ግን አላየውም፤ ማታ ማታ ከትራሳቸው ሥር ይከቱት ነበር። ያየው መደርደሪያው ላይ የቀረውን የእኔን ነው። ድንኳኑ ውስጥ የመሰከረውም ስለዚያ ነው።

አንዱን ብቻ ነግረውኛል፤ ጻፊዋ ስላረፉ። የወይዘሮ ጫልቱ ነው። «ገጽ አርባ አንድ ላይ ተውኩት። ሰውየው መጨረሻ ላይ እንደሚሞት ባሌ ነገረኝ። ከዚህ በኋላ ባነብ እኔም ገዳይ ነኝ።» ጋሽ መርዕድ ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ «እንዲህ ያለች አንባቢ ደጃፌ ላይ ወተት ትሸጥ ነበር» አሉ። «እኔ ደግሞ ስለ ዋጋ ስከራከራት።»

ሦስት ጣሳ ጨረሱ። አራተኛው ጣሳ ወገብ ላይ ሲደርሱ ግራጫው እንኳ አልረዳቸውም። አንድ ፊደል ማያውን እስኪሞላ ቢያጎሉትም ጥላ ሆነባቸው። ያን እሑድ በሩን ራሳቸው ከፍተው ጠሩኝ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንበቢያው ጭናቸው ላይ ነው።

«ቆምኩ» አሉ። «ገጹን አልነግርህም።»

አሥራ አንድ ሳምንት መረጥኩ፤ ሁለት ወር አመሰገኑኝ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሒሳቡን እኔም እችለዋለሁ፣ እርሳቸውም ይችሉታል። አልተነጋገርንበትም። እንዲያውም ሊያጽናኑኝ ነው መሰለኝ ወሬ ቀየሩ።

«የአንተን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት» አሉኝ። «ስምህን ጽፈህበታል። የራስህን ብነግርህ ቃሌ አይፈርስም።»

«ምን ይላል?»

ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው አሉት። «ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ቆምኩ። አልገባኝም። ለሰው ግን ጨርሼዋለሁ ብያለሁ።»

መጽሐፉ የቱ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። ጽሑፎቼ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ።

«ያኔ ደህና ልጅ ነበርክ» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይኑ የጠፋበት ሰው ቀለም እንደሚያስታውስ ነው ያሉት።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ሰኞ ጠዋት ሰብለ ደወለች።  «አባዬ እኮ…» አለችና ቀሪውን አልጨረሰችውም።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ እኔና ሰብለ ግቢው ውስጥ እሳት አነደድን። ያላነበቡት እንዲቃጠል አዘው ነበር። አምስተኛው ጣሳ ሙሉ ነው፤ አራተኛው ከግማሽ በታች ነው። ክዳኑን ስከፍት ከላይ ያለችው ወረቀት እጥፋቷ ላልቶ አንድ መስመር ሊታይ ደረሰ። እጄ ቆመ። ሙያዬ ማንበብ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ በኋላ አላገኝም። አንዲት ብቻ እንይ አልኳት ሰብለን። እርሳቸው ከሌሉ ቃሉስ የማን ነው አልኩ። ለዚህም ረዥም መልስ ነበረኝ።

ሰብለ በጥፍሯ ጣሳውን ሁለት ጊዜ መታችው።

አቃጠልነው። ወረቀቱ ደረቅ ስለነበር ብዙ አልቆየም።

ግራጫው ሰብለ ጋ ነው። ጥቁሩን እኔ ወሰድኩት፤ ይህንንም ከመጻፌ በፊት ሳነብበት ነበር። ቀላል ነው፤ ባትሪው ይቆያል፤ ፊደሉ ያምራል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ችግሩም ከመጀመሪያው ይኸው ነበር።

ሰዎች አሁንም የትኛውን ልግዛ እያሉ ይጠይቁኛል፤ ደብተሩ አለኝና። አልመልስም። ይልቅ እኔ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። እዚህ ድረስ ስትመጡ አንድ ቦታ ላይ ሰልችቷችኋል፤ አንዳችሁም እንዳትዋሹኝ። የት ላይ እንደሆነና ለምን እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ላኩልኝ። ስማችሁን ብትተዉት ግድ የለኝም።

አታመስግኑኝ።